ማጣሪያው የሚሠራው ማን ሲፈልግ ነው?

ስለ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በተነሳ ቁጥር አንድ የተለመደ መልስ ይሰነዘራል፤ «ድርጅቶቹ ለማጣሪያ የሚሆን አቅም የላቸውም»። ይህን መልስ አልቀበለውም። አቅሙ የሚገኘው ባለሥልጣን ሲፈልግ ነው።

እስቲ ሐዋሳን እንይ። መንግሥት ታላላቅ የውጭ ልብስ ገዢዎችን ለማምጣት ቆርጦ ሲነሳ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ለተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል፣ ወደ ሐይቁ ጠብታ እንዳይለቅ የታቀደ ማጣሪያ ተሠራለት። ገንዘቡም ባለሙያውም አልጠፋም። ገዢዎቹ ስማቸው ከሐይቅ ብክለት ጋር እንዲነሳ አይሹም፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ገዢዎቹን ይሻል። ነገሩ ይኸው ነው።

ቦርከና እንዲህ ያለ ወዳጅ አላገኘም። ደንብ ቁጥር 159/2001 ለነባር ፋብሪካዎች የ5 ዓመት ፋታ ሰጥቶ ነበር። ፋታው በሚያልቅበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014፣ ተመራማሪዎች በኮምቦልቻ ከለዮሌና ከወርቃ ወንዞች፣ ከፋብሪካዎቹም ፍሳሽ ናሙና ወሰዱ። ከቆዳው ክሮምየም፣ ከብረታ ብረቱ ዚንክ በከፍተኛ መጠን ሲወጣ አገኙት። ሁለቱም ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ። ከዚያ በታች ከብቱን የሚያጠጣ፣ ማሳውን የሚያለማ ገበሬ አለ። ለእሱ ፋታ የሰጠው የለም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት መከላከያ አዲስ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቅዷል። ችግሩ ወንበሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የማጽደቅ ሥልጣን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤት በውክልና ተላለፈ። ባለሀብቱን ደጅ እየጠና የሚያመጣው መሥሪያ ቤት ራሱ «ትበክላለህ፣ አልፈቅድም» ይበል ማለት ነው! ጅብን የሥጋ ዘበኛ ማድረግ ይሏል ይህ ነው። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካማ ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ተቆጣጣሪውም መንግሥት፣ ተቆጣሪውም መንግሥት። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በበኩሉ ባለሥልጣን፣ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ማህተም ሲያስቀርጽ ጊዜው ያለቀበት ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ጦርነቱ። በ2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻ መዘረፏ፣ ፋብሪካዎቿም መጎዳታቸው እውነት ነው። «መጀመሪያ ሥራ ይጀምሩ፣ ሠራተኛው ይብላ» የሚለውም ሰው የሚያዝን ልብ አለው። ግን ማሽን ተተክሎ ማጣሪያው «ለሌላ ጊዜ» ከተባለ፣ ያ ሌላ ጊዜ በ2001 ዓ.ም. ተቀጥሮ የቀረው ቀጠሮ ነው። መልሶ ለመቋቋም ብድርና የግብር እፎይታ የሚሰጥ አካል፣ ማጣሪያውን የውሉ አንድ አንቀጽ ማድረግ ምን ያቅተዋል?

አዋጅ 300 ማንም ሰው የግል ጉዳት ሳያሳይ በበካይ ላይ አቤት እንዲል ፈቅዷል። አቤቱታ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። የከተማው አስተዳደር በየወሩ ከየፋብሪካው ቱቦ አፍ ናሙና ያስወስድ፤ ውጤቱንም የፋብሪካውን ስም ጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጥፍ።