ንግሥቷ ብቻዋን አታሸንፍም

ልጅዎን ቼዝ ለማስተማር ካሰቡ፣ የጠጠሮቹን አካሄድ እንደለየ አንድ ማት ያሳዩት፤ ንግሥትና ወታደር ተጋግዘው የሚሰጡትን። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

የጥቁሩን ንጉሥ ጂ8 ላይ ያስቀምጡ። ኤፍ7፣ ጂ6 እና ኤች7 ላይ ጥቁር ወታደሮች፣ ኤፍ8 ላይ ደግሞ የጥቁሩ ግንብ ይቁሙ። ነጭ ወታደር ኤፍ6 ላይ፣ ነጯ ንግሥት ኤች6 ላይ፣ የነጩ ንጉሥ ጂ1 ላይ ይሁኑ። ተራው የነጭ ነው። ልጁ ንግሥቷን ወደ ጂ7 ሲወስዳት ጨዋታው ያልቃል።

ንግሥቷ እንዲህ ተጠግታው ንጉሡ ለምን አይበላትም? ኤፍ6 ላይ ያለው ወታደር ስለሚጠብቃት ነው። ወታደር የሚራመደው ወደ ፊት ቢሆንም የሚበላው በሰያፍ ነው። ንጉሡ ወደ ኤች8 እንዳይሸሽ ደግሞ ንግሥቷ ዘግታበታለች። አሁን ነጩን ወታደር ያንሱና ይድገሙት፤ ንጉሡ ንግሥቷን በልቶ ይድናል። ይህ ማት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ የቼዝ ጸሐፊ ስም "የሎሊ ማት" ይባላል።

ለትንሹ ጠጠር ክብር መስጠት ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን የተጫወቱት ሰንጠረዥ ዛሬ የምናውቃት ንግሥት አልነበረችውም፤ በእሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄድ ነበር። ጨዋታውም "ወረራ" በሚባል ምዕራፍ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር ላይ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ሕጉን አሳትመዋል። በግንብ ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ ይበልጥ የሚደነቀው በደካሞቹ ጠጠሮች የተገኘው ነው።

ባለፈው ክረምት ኮላ ድባ የሚኖረው የአሥር ዓመት የእህቴ ልጅ ንግሥቱን ይዞ እየሮጠ ወታደሮቹን ያስበላ ነበር። "ተው እንጂ" ስለው፣ "ጋሼ፣ እሱማ ወታደር ነው!" ይለኛል። ያን ሰሞን ቤቱ ሁሉ የሚጨነቀው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትዘጋጀው ታላቅ እህቱ ነበር። ውኃ የሚቀዳው፣ ሱቅ የሚላከው፣ "ድምፅህን ቀንስ" የሚባለው ግን እሱ ነው። ማታ ይህን ማት ሳሳየው እናቱ ቡና እየቆላች ትሰማን ነበር። "አየህ፣ እህትህም አንተ ባትኖር አታጠናም ነበር" አለችው። ልጁ ምንም አልመለሰም። በቀጣዩ ጨዋታ ግን ኤፍ6 የደረሰ ወታደሩን ላለማስበላት ሙሉ ግንብ ሰጠኝ።

እኔም በማርኬቲንግ ሥራዬ ይህንኑ አያለሁ። ትልቁ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ደንበኛውን እስከ ሱቁ ደጃፍ ያመጣዋል፤ ሹፌሩ ዕቃውን በሰዓቱ ካላደረሰ ግን ደንበኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። በስብሰባ ላይ የሚጨበጨበው ለማስታወቂያው ነው። በቤታችንም የሚጨበጨበው ውጤት ላመጣው ልጅ ነው፤ ሲላላክ የዋለውን ማመስገን እንረሳለን።

እናም ቅዳሜ ከሰዓት ሰሌዳውን ይዘርጉ። ልጁ ማቱን ሳይሳሳት ሦስት ጊዜ ከሠራው፣ ኢ8 ላይ ጥቁር ፈረስ ጨምሩና እንደገና ይሞክረው። ማቱ ይከሽፋል። ምክንያቱን አይንገሩት፤ ራሱ ፈልጎ ያግኘው። ካገኘው፣ ማት ከመስጠቱ በፊት "ጂ7ን ማን ይጠብቃል?" ብሎ መጠየቅ ጀምሯል ማለት ነው። ታናሹም ታላቁም አብረው ቢቀመጡ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።