«2014» የሚባል ፎልደር

«ዲዛይኑን መቼ ነው የምታሳየን?»

ሰቆጣ ላይ ዌብሳይት ሥራልን ብለው የጠሩኝ ሰዎች ገና በሦስተኛው ቀን የጠየቁኝ ይሄን ነው። ፋይል እያደራጀሁ ነው ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዱማ «ፎልደር ለመክፈት ነው እንዴ የምንከፍልህ?» አለኝ። አዎ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ለሱ ነው የምትከፍለኝ!

የሰጡኝን ፍላሽ ልንገራችሁ። «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 3»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»። ውስጡ የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ፎቶ፣ የአበርገሌ ፍየል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሠርግ ሳይቀር ተደባልቋል። አንዱ ፎልደር ደግሞ «2014» ይላል። በየትኛው አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ሰቆጣ በጦርነት የነደደችበት ጊዜ ነው። በፈረንጅ ከሆነ 2006 እና 2007 ዓ.ም. ነው፣ ሰላም የነበረበት። ፎልደሩ ውስጥ ጣሪያው የተገነጠለ፣ ግድግዳው የፈረሰ ቤት ፎቶ አለ። «በጦርነቱ የወደመ» ብዬ ልለጥፈው? ወይስ ድሮም የፈረሰ ነው? ፎቶው በቴሌግራም እየተላላከ ስለመጣ ካሜራው የመዘገበው ቀን ከላዩ ጠፍቷል። ያነሳው ልጅም ሥራ ቀይሯል። ነገ ስለደረሰው ጉዳት ማስረጃ አምጡ ቢባል ይሄ ፎቶ ምን ይመሰክራል? በአንዲት ቁጥር ምክንያት ዋጋ አጣ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው እንጂ የፎልደር ስም አምሮኝ አይደለም።

ያደረግሁት ቀላል ነው። አንድ ዋና ፎልደር፣ በውስጡ ኮዱ፣ ጽሑፉ፣ ፎቶው ለየብቻ። ያልተነካካው ፎቶ ሌላ ቦታ፣ ለገጹ የተጨመቀው ኮፒ ሌላ ቦታ። ስም ሁሉ በትንንሹ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፤ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዓመቱ ከፊት። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ገጹ የሚቀመጥበት የሊነክስ ሰርቨር ግን ይለያል። ቢሮ ውስጥ የታየ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የሰቆጣን «ቆ» ራሱ አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋታል። አንዱን መርጠን ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። (ለዚህች ብቻ ግማሽ ቀን ተከራክረናል።)

«ሁሉንም ክላውድ ላይ ጫነውና ተገላገል» የምትሉኝ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ የት ነበራችሁ? ከዚያ በፊት ዋግ ኽምራ ያለ መብራትና ያለ ስልክ የከረመችበትን ጊዜስ ረሳችሁት? ክላውዱ ይኑር፣ ማን ጠላው። ግን አንድ ሙሉ ኮፒ ሰቆጣ፣ አንድ ደግሞ ባሕር ዳር በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። በጦርነቱ ከየቢሮው ኮምፒውተር ሲጫን ያየ ሰው ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም።

ዲዛይኑ ሰኞ ይደርሳል ብያለሁ። እስከዚያ ግን የሰቆጣ ልጆች፣ ያንን የፈረሰ ቤት የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፎቶውን እልክለታለሁ። በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፣ አጠገቡ የቁልቋል አጥር አለ።