ሕጉን ሳይከፍቱ ስለ ሕግ መጻፍ፦ ለሕግ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ ቡልቡላ ለምትኖሩና ለምትማሩ የሕግ ተመራቂዎች፤

ነገሬ ስለ መመረቂያ ጽሑፋችሁ ነው። በእንግሊዝኛችሁ አልመጣባችሁም፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። የምወቅሰው አሠራራችሁን ነው።

በቅርቡ ለፈታኝነት ከደረሱኝ ጽሑፎች አንዱ በቦሌ አራብሳና በዙሪያዋ ገበሬ መሬቱን ሲለቅ ካሳው ዛሬ እንዴት እንደሚሰላ የሚያትት ነበር። ርዕሱ ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። ግማሽ ያህሉ ስለ ንብረት ፍልስፍና ነው፤ ጆን ሎክ አለ፣ ብላክስቶን አለ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አሉ። የአራብሳው ገበሬ ብቅ የሚለው ወደ መጨረሻው ነው፤ እሱም በአንዲት አንቀጽ። ካሳው የተሰላው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 455/1997። መሬቱ የተወሰደው ያ አዋጅ በሚሠራበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ባላከራከረ፤ ጽሑፉ ግን ስለ ዛሬው ነው የሚያወራው። 455 በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከተሻረ ቆይቷል፤ ተተኪውም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። አካባቢው ሳይቀር “ቦሌ ክፍለ ከተማ” ተብሏል፤ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ መቋቋሙን ጸሐፊው አልሰማም። ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም፦ ከዓመታት በፊት ከተመረቀ ሰው ሶፍት ኮፒ ነው የተቀዳው።

“የቁጥር ስሕተት ናት” ለሚለኝ፣ ሒሳቡን እንሥራው። በ455 ዘመን መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ የገጠር ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሳው፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። 1161 ሲወጣ ግን ምትክ መሬት ላላገኘው ሰው ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። አማካይ ገቢው 40,000 ብር፣ ከፍተኛው 60,000 ብር የሆነ ገበሬ ብናስብ፣ በአሮጌው ስሌት 400,000፣ በአዲሱ 900,000 ብር ያገኛል። ነገ ጥብቅና ስትቆሙለት የዚህ ስሕተት ዕዳ የሚወድቀው በእሱ ጫንቃ ላይ ነው።

ሰበርን የምትጠቅሱበት መንገድማ የባሰ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አስገዳጅነቱ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ቀጥሏል። ስለዚህ ውሳኔው ራሱ እንደ ሕግ መነበብ አለበት። እናንተ ከውሳኔዎቹ ቅጽ ማውጫ አንድ መስመር ቀድታችሁ የመዝገብ ቁጥር ትለጥፉበታላችሁ። አመልካቹ ማን ነበር? የሥር ፍርድ ቤቶች ምን አሉ? የተያዘው ጭብጥስ? በሐሳብ የተለየ ዳኛ ነበር? ሰበር ያንኑ አቋሙን በኋላ ለውጦት እንደሆነስ? ዝም። ተከራካሪዎቹን ከነነገራቸው ካላወቃችሁ የትርጉሙን ልክ አታውቁም፤ ለኪራይ ውል የተባለውን ለሽያጭ ውል ታውሉታላችሁ። አይቻለሁ።

ምንጭ የለም አትበሉኝ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲው ሚዛን ሎው ሪቪው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ታትመዋል። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በቦሌም ምድብ ችሎት አለው፤ ችሎት ደግሞ በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጠዋት ገብቶ መቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ካሳ የተቀበለውን ገበሬ ለማነጋገርም ከአያት አንድ ታክሲ ይበቃል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በየመብራት እንጨቱ “ሪሰርች እናማክራለን” ብላችሁ ስልክ የምትለጥፉትን አልመክራችሁም፤ ገበያ ስላገኛችሁ ነው። ገበያውን የፈጠረው የእኛ የአማካሪዎቹ ፊርማ ነው። ፎንቱንና ማርጂኑን አርመን፣ “ሪኮመንዴሽኑ ይጠናከር” ብለን፣ የተጠቀሰው አዋጅ በሥራ ላይ ይኑር አይኑር ሳናይ የምናሳልፍ ብዙዎች ነን። ተማሪውም ይህን ስለሚያውቅ ድካሙን ለሽፋኑ ያደርገዋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ነጋሪት ጋዜጣውን ክፈቱ፤ የሻረውንም ያሻሻለውንም ፈልጉ። አማካሪዎችም ከመፈረማችሁ በፊት ከግርጌ ማስታወሻዎቹ ሦስቱን መርጣችሁ ከምንጫቸው ጋር አመሳክሩ፤ አንዱ እንኳ ካልተገኘ ጽሑፉን መልሱት።