እንቁላል የያዘ ዓሣ ላይ መረብ መዘርጋት ከጨዋታ ውጪ ነው

ክረምት ሲገባ የእኛ እግር ኳስ ያርፋል። ተጫዋቹ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ደጋፊው የአውሮፓን የዝውውር ወሬ ያሳድዳል። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ዋናውን ጨዋታ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሐይቁን ትቶ በጉማራና በርብ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱም ወንዞች የሚነሱት እስቴ፣ ፋርጣና ላይ ጋይንት ከሚዋሰኑበት ከጉና ተራራ ነው።

ጉዞው ለሽርሽር አይደለም። ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላሉን ሊጥል ነው። ችግሩ አጥማጁም ይህን ማወቁ ነው። ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከዚያ ያመለጠውን ደግሞ ላይኛው ወንዝ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን ሰው ይቀበለዋል፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል። ይሄ ማጥመድ ነው? ተጋጣሚን መልበሻ ክፍል ቆልፎበት ጎል ማግባት ነው እንጂ!

ውጤቱ ታይቷል። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወንዝ ላይ የሚራቡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ታዳጊ ቡድኑን የበተነ ክለብ መጨረሻው ይታወቃል። ክለብስ ቢቸግረው ከጋና አጥቂ ያስመጣል። ጣና ከየት ያስፈርማል? የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ያግዳል፤ አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም።

እርግጥ አጥማጁ ላይ ብቻ ቀይ ካርድ መምዘዝ ፍትሕ አይደለም። መስከረም ላይ ልጁ ደብተር ይፈልጋል። ስለዚህ ሐይቁ በሙሉ አይዘጋ። በእነዚያ ወራት የወንዞቹ አፍ ብቻ ይዘጋ፤ ቀረሶና አምባዛው መሀል ሐይቅ ላይ ይጠመድ። የእስቴ ገበሬም ተሰላፊ ነው፤ ማሳው ካልታረከነ የሚታጠበው አፈር ወርዶ ጠጠሩን ይደፍናል፣ እንቁላሉም ይታፈናል።

ሕግ የለም እንዳይባል የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። የጎደለው ፊሽካ ይዞ ወንዙ ዳር የሚቆም ዳኛ ነው። ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ደግሞ ማንም አያሸንፍበትም። ዘንድሮ እናቲቱን የያዘ መረብ፣ ከርሞ ባዶውን ይወጣል።