በቤት ስለሚጠመቅ ቢራና ስለ ሆፕ ተክል

ጠላ ያለ ጌሾ እንደማይሆን ሁሉ፥ ቢራም ያለ ሆፕ ቢራ አይባልም። ሆፕ እንደ ሐረግ በገመድ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ተክል ሲሆን፥ ለጠመቃ የሚፈለገው የሴቴው ተክል አበባ ነው። በአበባው ቅርፊቶች መካከል ብጫ ዱቄት የመሰለ ሙጫ ይገኛል፤ ምሬቱም መዓዛውም ከዚህ ሙጫ የሚወጣ ነው።

በአሜሪካን አገር በ1933 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመጠጥ ክልከላ ሲሻር፥ ቢራን በቤት መጥመቅ ሳይፈቀድ ቀረ። የተፈቀደውም ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው፤ ይኸውም ሁለት አዋቂ ሰዎች ላሉበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፥ ማለት 757 ሊትር ያህል ሲሆን፥ መሸጥ ግን አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ቤት ጠማቂዎች አስመስለው ለመሥራት ከሚደክሙባቸው ቢራዎች አንዱ በካሊፎርኒያ በቺኮ ከተማ ከ1980 ጀምሮ የሚጠመቀው ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤል ነው። የፋብሪካው መሥራች ኬን ግሮስማንም አስቀድሞ በቤቱ የሚጠምቅና የጠመቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር።

ይህን ቢራ ቀምሶ በቤቱ ሊደግመው የሚነሣ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሆፑን ማብዛት። ስሕተቱም ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሆፕ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር አንድ ሰዓት ሲፈላ ምሬቱን ይሰጣል፥ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። እሳቱ ሊጠፋ ሲል የተጨመረው ደግሞ መዓዛውን ይተዋል እንጂ ምሬቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለ20 ሊትር ቢራ 4 ኪሎ ተኩል ነጣ ያለ ብቅልና 400 ግራም ካራሜል ብቅል በ67 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፎ፥ ካጠለሉ በኋላ፥ ሲፈላ በመጀመሪያ 40 ግራም ሆፕ፥ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው 30 ግራም፥ እሳቱ ሲጠፋ 50 ግራም መጨመር ተመጣጣኝ ነው። ከቀዘቀዘም በኋላ እርሾው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ቦታ ይሠራል። ይህ ሁሉ ግን ሆፑ ያረጀ ከሆነ ከንቱ ድካም ነው። አየርና ሙቀት ያገኘው ሆፕ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፥ የቆየ አይብም ይሸታል።

የዚያ ቢራ የአበባና የትርንጎ ልጣጭ መዓዛ የተገኘው ካስኬድ ከሚባለው የሆፕ ዓይነት ነው። ካስኬድን ያወጡት ቢራ ጠማቂዎች አይደሉም፤ በኦሬጎን ግዛት በኮርቫሊስ ከተማ የሚሠሩ የመንግሥት የእርሻ ተመራማሪዎች ናቸው። ከእንግሊዝና ከሩሲያ ሆፕ ዘር ያለበትን ፍሬ በ1956 ሰበሰቡ፤ ተክሉን አሳድገው፥ መርምረው፥ ስም አውጥተው ለገበሬው የሰጡት በ1972 ነው። ለአንድ ሐረግ 16 ዓመት! ጠርሙሱ የጠማቂውን ስም ተሸክሞ ዓለምን ዞረ፤ የምስጋናው እኩሌታ ግን ለእነዚያ ሰዎች ይገባ ነበር።

ሆፕ በኢትዮጵያ በቀላሉ የሚለማ ተክል አይደለም። በበጋው የሚረዝም ቀን ይፈልጋል፤ እንደ ኢትዮጵያ ቀኑ ዓመቱን ሁሉ 12 ሰዓት ያህል በሆነበት አገር ገና ሳያድግ ለማበብ ስለሚቸኩል ምርቱ ያንሳል። ስለዚህ የቢራ ፋብሪካዎች ሆፕን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ያስመጣሉ። ጌሾ ግን ማንም ሳይለምነው በጓሮ ይበቅላል። ጌሾ የካስኬድን መዓዛ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የራሱ ምሬትና የራሱ ጠባይ አለው። ባልትና የሚያውቁ እመቤቶችም ቅጠሉን ከእንጨቱ፥ አዲሱን ከከረመው ለይተው ያውቃሉ። የአንዱ ዛፍ ጌሾ ከሌላው ዛፍ ጌሾ በምን እንደሚበልጥ የሚለይ፥ የተሻለውንም አባዝቶ ለገበሬ የሚያከፋፍል ትዕግሥት ግን ለዚህ ተክል ይገባዋል፤ ለሆፕ የተሰጠው 16 ዓመት ለጌሾ የሚበዛበት ምክንያት የለም።

በገበያ ቀን ጌሾ የምትገዛ ባለቤት ቅጠሉን ጨብጣ ታሸታለች፤ ያረጀ ከሆነ ትታው ወደሚቀጥለው መደብ ታልፋለች። ከየትኛው ዛፍ እንደ ተቀነጠሰ ብትጠይቅ ግን ሻጪዋም አታውቀውም።