ተስፋ የሚዘራ እንጂ የሚጠበቅ ብቻ አይደለም



ሐምሌ 27 ቀን 2007 በኮሚቴዎቻችንና አብረዋቸው በተከሰሱ ወንድሞቻችን ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ከተፈረደ ወዲህ፣ እዚህ አሶሳም «ከእንግዲህ ምን ተስፋ አለ?» የሚል ጥያቄ እንሰማ ነበር። ጥያቄው ከባድ ነበር። «ሶብር አድርጉ» ብሎ ማለፍም አይበቃም።

ኢብኑ ኸልዱን ከ600 ዓመታት በፊት በጻፈው «ሙቀዲማ» ተስፋን የማኅበረሰብ ጉዳይ አድርጎ መርምሮታል። አንድ ሕዝብ የገዛ ጉዳዩ ከእጁ ወጥቶ በሌሎች ሲወሰን ስንፍና ይወርሰዋል፤ ተስፋው ይዳከማል፤ ተስፋው ሲዳከም ሥራውም ልማቱም ቁጥሩም ይቀንሳል ይላል። እንግዲህ ተስፋ የልብ ስሜት ብቻ አይደለም፤ «ጉዳያችን በማን እጅ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዳችን ይካሄድ ያልነውም ለዚሁ ነበር። በ2005 ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ። ሰው የእኔ ነው ብሎ በማያምነው ተቋም ላይ ገንዘቡንም ጊዜውንም ልጁንም አያፈስም። የተጎዳው እንግዲህ ድምፃችን ብቻ ሳይሆን አብሮ የመሥራት አቅማችንም ነው።

ዑለሞቻችን ረጃእን ከባዶ ምኞት ይለያሉ። ኢማም አል-ገዛሊ ምሳሌውን ከገበሬ ወስደዋል፦ አርሶና ዘርቶ የአላህን ዝናብ የሚጠብቅ ተስፋ አለው፤ ሳይዘራ አዝመራ የሚጠብቅ ግን ራሱን ያታልላል። አሶሳ ላይ ማንጎ የተከለ ሰው ይህንን ያውቃል፤ ፍሬውን በዓመቱ አይጠይቅም፣ ውሃ ማጠጣቱንም አይተውም።

በክልላችን ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 የግድቡ መሠረት ሲጣል፣ ገና ላልመጣ መብራት ቦንድ ግዙ ተብለን ገዝተናል። ያ ተስፋ አገር ወዳድነት ከተባለ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 እና 27 የተጻፈው እንዲከበር ተስፋ ማድረግ እንዴት አክራሪነት ይባላል?

«ተስፋ አስተኛን» ለሚሉ ወንድሞች መልሳችን ይህ ነው፦ የሚያስተኛው ያልተዘራበት ተስፋ ነው። የእኛ ዘር ግልጽ ነበር። ለታሳሪዎች ስንቅ ማቀበል፣ ቤተሰቦቻቸውን መጠየቅ፣ መድረሳዎቻችን እንዳይዘጉ መረባረብ፣ መብታችንን አንቀጽ በአንቀጽ ማወቅ፣ ለትንኮሳ እጅ አለመስጠት። እነዚህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም ነበር፤ ጉዳያችን ወደ እጃችን መመለስ የሚጀምረውም ከእነዚሁ ነው።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!