ኳስ አቀባዩስ መቼ ይጫወት?

ቅዳሜ ጠዋት ቴኒስ እጫወታለሁ። «እጫወታለሁ» ማለቴም ድፍረት ነው፤ ሃምሳን በተሻገረ ጉልበት ኳስ አባርራለሁ ብል ይቀላል። ከሜዳው ጥግ ቆሞ ኳስ የሚያቀብለን አንድ የሰፈር ልጅ አለ። ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ባለፈው ተጋጣሚዬ ሲዘገይብኝ ትርፍ ራኬቴን ሰጠሁትና «እስቲ ምታ» አልኩት። መታ። ኳሷን አላየኋትም፤ ከኋላዬ አጥሩን ስትመታ ነው የሰማኋት።

ሦስተኛዋን ሳይመታ ጥበቃው ከተፍ አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አባል ያልሆነ ሰው ሜዳ መርገጥ አይችልም።» ልጁ እኮ ሜዳውን ከንጋት ጀምሮ ሲረግጠው ነው ያረፈደው! ኳስ ሊያነሳ ሲረግጥ ይፈቀዳል፤ ኳስ ሊመታ ሲረግጥ ይከለከላል። ልጁ ምንም አላለም። ራኬቱን በሁለት እጁ መለሰልኝና ወደ ጥጉ ሄደ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ብር እየወረወርኩለት ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ነገሩን ለጠቅላላ ጉባኤያችን አቀረብኩ። ሜዳው ባዶ በሚውልበት ሰዓት ለሰፈሩ ልጆች፣ መጫወት ለሚፈልጉ እናቶች፣ በዊልቸር ለሚሄዱ ሰዎች ይከፈት አልኩ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ደረጃችን ይወርዳል!» የማን ደረጃ? ሰርቬን ሁለት ሁለቴ መረብ ላይ የምሰቅለው የእኔ ደረጃ ነው ደግሞ የሚወርደው?

አንድ አዛውንት አባልም ተነሥተው «ቴኒስ የጨዋ ሰው ጨዋታ ነው» አሉ። የድሮ ሙያዬ አይለቀኝምና ቃሏ ላይ ቆምኩ። በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ጨዋ ማለት ያልተማረ ነው፤ በሰፈር አነጋገር ደግሞ ሰው አክባሪ ነው። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

የጨዋታው ታሪክ ግን ይመልስላቸዋል። አልቲያ ጊብሰን የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት በኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር፣ መንገድ ላይ በእንጨት መምቻ እየተጫወተች ያደገች ናት። በ1940 እ.ኤ.አ. ጎረቤቶቿ ገንዘብ አዋጥተው እዚያው ሃርለም ያለ የቴኒስ ክለብ አባል አደረጓት። በ1957 ዊምብልደንን አሸንፋ ዋንጫውን ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ተቀበለች። አርተር አሽም አባቱ በሪችመንድ ከተማ ለጥቁሮች የተከለለ የመናፈሻ ጠባቂ ነበሩ። ልጅየው እዚያው መናፈሻ ውስጥ ቴኒስ ለመደ፤ በ1975 ዊምብልደንን አሸነፈ። የእኛ ክለብ ጥበቃም ልጆች አሉት። አንዳቸውም ራኬት ጨብጠው አያውቁም።

ዊልቸር ስል ደግሞ አንዳንዱ ሳቀ። አያስቅም። የዊልቸር ቴኒስ ሜዳው ያው ሜዳ፣ መረቡ ያው መረብ፣ ኳሱም ያው ኳስ ነው፤ ዋናው ልዩነት ኳሱ ሁለት ጊዜ እንዲነጥር መፈቀዱ ነው። ከ1992ቱ የባርሴሎና ፓራሊምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ ይሰጥበታል። ደግሞስ ይህንን ለአበበ ቢቂላ አገር ሰው ማስረዳት ነበረብኝ? አበበ በ1969 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በ1970 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። ያ ሰው ዛሬ በዊልቸሩ ቢመጣ ከእኛ ክለብ በር ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች በምን ይወጣቸዋል? አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 30፣ ስፖርትንም መብት ነው ይላል። የእኛን በር የሠራው ግንበኛ ግን አንቀጹን አልሰማም።

ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ የሰማሁት ከሒሳብ ሹሙ ብቻ ነው። ኳስ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ ቀይ አፈሩ ውኃ ይጠጣል፤ መዳመጥ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው የአባላት መዋጮ ነው። እውነታቸውን ነው። ሆኖም ኳስ አየሩ ሲቀንስ እኛ እንጥለዋለን፤ ለጀማሪ ሕፃናት ግን በዓለም ዙሪያ ሆን ተብሎ የሚሰጣቸው ዘገምተኛ ኳስ ነው። እኛ የምንጥለው ለእነርሱ ይበቃል ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓትም ሜዳችን ላይ ከርግብ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ውኃው ለርግቦች ነው የሚጠጣው?

አንድ የቴኒስ ሜዳ 23.77 ሜትር ርዝመት፣ 10.97 ሜትር ስፋት አለው። ቢበዛ አራት ሰው ይጫወትበታል። ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ባዶ ቦታ በሕንፃ ባለቀበት ከተማ፣ ይህን ያህል መሬት አጥሮ መቀመጥ ሰፈሩን ባለዕዳ አያደርገውም፤ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን። ሰፈሩ አቧራችንን ይጠጣል፣ መኪናችንን ያሳልፋል፣ ልጆቹን ለኳስ ለቀማ ይልክልናል። በምላሹ የሚያገኘው የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ነው። ይህን ክለብ ማለት ይከብደኛል፤ አጥር ነው።

የጠየቅሁት ቤተ መንግሥት አይደለም። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ይከፈት፤ ደረጃው ጎን ዊልቸር የሚያስወጣ መዳረሻ በሲሚንቶ ይሠራ፤ ኳስ አቀባይ ልጆች ከክፍያቸው ሌላ በቀን ግማሽ ሰዓት ራሳቸው ይጫወቱ። ይኸው ነው።

ጉባኤው ተወያይቶ ተወያይቶ «ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ» አለ። ይተላለፍ። ልጁ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዐሥራ አምስት ይሞላዋል፤ የእሱን ዕድሜ ማን ያስተላልፍለታል? እኔ በበኩሌ ከቅዳሜ ሰዓቴ ግማሹን ለእሱ ሰጥቻለሁ። አሁን ስሙንም አውቀዋለሁ። መተዳደሪያ ደንቡን መጣሴን አልክድም፤ የቅጣት ደብዳቤውን አዘጋጁልኝ፣ መጥቼ እፈርማለሁ።